በ6ኛው የቨርጂኒያ ፈረሰኛ ሬጅመንት ፈለግ፦ የብራንዲ ስቴሽን የሙሉ ቀን ጉብኝት ግምገማ

ባለፈው ጥቅምት በቨርጂኒያ ግዛት፣ በካልፔፐር ካውንቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1863 የብራንዲ ስቴሽን የፈረሰኞች ውጊያ በተካሄደበት መሬት ላይ፣ አንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት ባዘጋጀው የሙሉ ቀን ጉብኝት ተሳትፌ ነበር። ጉብኝቱ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በደቡቡ፣ ማለትም በኮንፌዴሬሽኑ ወገን የተሰለፈውን 6ኛውን የቨርጂኒያ ፈረሰኛ ሬጅመንት እግር በእግር የሚከተል ነው። የጦር ሜዳ ጉብኝት አብዛኛውን ጊዜ ከጄኔራል ወደ ጄኔራል የሚዘል ሲሆን፣ ይኸኛው አንድን ሬጅመንት ይዞ ከጠዋት እስከ ማታ አይለቅም። ክፍያው ምሳን ሳይጨምር በሰው 90 ዶላር ነው። ባለቤቱ፣ እርሱም ራሱ አስጎብኚው፣ ስሙ በጽሑፍ እንዲወጣ ስላልፈለገ ድርጅቱን በስም አልጠራም። ስለ ፈረሱና ስለ መሬቱ በዚያ ቀን የተማርሁትን ያህል ከየትም ተምሬ አላውቅም፤ ያንን ፈረስ ይቀልብና ያጥብ የነበረው ሰው ግን ከጉብኝቱ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ ይህንንም እንደ ትንሽ ጉድለት ልቆጥረው አልቻልሁም።

ሬጅመንቱ እ.ኤ.አ. በ1861 መጨረሻ ላይ ከተለያዩ የቨርጂኒያ ካውንቲዎች በመጡ የሻምበል ጦሮች የተቋቋመ ነው።  ሬጅመንቱ ስሙን ያስጠራው ሜይ 23 ቀን 1862 ከፍሮንት ሮያል ከተማ በስተሰሜን፣ ጥቂት ሻምበሎቹ በሌተና ኮሎኔል ቶማስ ፍሉርኖይ መሪነት ከእነርሱ በቁጥር የሚበልጠውን የፌዴራል፣ ማለትም የሰሜኑን ወገን እግረኛ ጦር በግልቢያ በበተኑ ጊዜ ነው። አስጎብኚው ይህን ሁሉ ከካልፔፐር ባቡር ጣቢያ ተነሥተን በመኪና ስንሄድ በሩብ ሰዓት ውስጥ ነገረን። በመኪናው ውስጥ የተገጠመው ድምፅ ማጉያ ስለሚቆራረጥ ከኋላ የተቀመጥነው ከሦስት ቃል አንዱን ብቻ ነበር የሰማነው። ለክፍያው የሚመጥን ድምፅ ማጉያ ሊኖር ይገባ ነበር።

የመጀመሪያው ማረፊያችን ወደ ቤቨርሊ ፎርድ መልካ የሚወርደው መንገድ ነበር። ቦታው ዛሬ በአነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ ስለሚገኝ ገለጻው በየጊዜው በሞተር ድምፅ ይቋረጣል፤ ሆኖም የቀኑ ምርጥ ሰዓት ያለጥርጥር ይህ ነው። ጁን 8 ቀን 1863 የደቡቡ ፈረሰኛ ጦር አዛዥ ጄኔራል ጄብ ስቱዋርት በሺዎች የሚቆጠሩ ፈረሰኞቹን በጄኔራል ሮበርት ሊ ፊት አሰልፎ አሳይቶ ነበር። በማግስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የራፓሃኖክ ወንዝ ገና በጭጋግ እንደተሸፈነ፣ ከማዶ የነበረው የፌዴራል ፈረሰኛ ጦር መልካውን ተሻገረ። በዚያች ሌሊት በመልካው ላይ ቃፊር ሆነው ያደሩት የ6ኛው ሬጅመንት አንድ ሻምበል ሰዎች ነበሩ። እነርሱ እየተኮሱ ሲያፈገፍጉ፣ ሻለቃ ካቤል ፍሉርኖይ ከሰፈሩ በአጣዳፊ ያሰባሰባቸውን ከመቶ የማያንሱ ሰዎች አስከትሎ በመንገዱ ቁልቁል ጋለበ፤ ብዙዎቹ ኮት አልደረቡም፣ አንዳንዶቹም ኮርቻ ለመጫን እንኳ ጊዜ አላገኙም ነበር።

አስጎብኚው ይህን ተናግሮ አላበቃም። በአንድ ፈረስ ርዝመት ልክ የተቆረጠ ገመድ አውጥቶ መንገዱ ላይ ዘረጋና፣ አሥራ አንዳችንን አራት አራት አድርጎ በዚያው ርቀት አሰለፈን። መንገዱ በዚያን ጊዜ ጠባብ ከመሆኑም በላይ በግራም በቀኝም ቦይ ስለነበረው፣ ሬጅመንቱ ምንም ያህል ሰው ቢኖረው ከጠላቱ ጋር ጎራዴ ለጎራዴ ሊገናኝ የሚችለው የፊተኛው ረድፍ ብቻ ነው፤ እኔ ከሦስተኛው ረድፍ ቆሜ ፊት ለፊት ከቆሙት ሰዎች ጀርባ በስተቀር የሚታየኝ ነገር አልነበረም። ስለ ፈረሰኛ ውጊያ ሳነብ ሁልጊዜ በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጣብኝ ሰፊ ሜዳና በአንድ መስመር የሚጋልብ ጦር ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ለአምስት ደቂቃ መቆሜ ያንን ሥዕል ሙሉ በሙሉ አስቀየረኝ።

በዚያው መንገድ ላይ የሆነውን የኮሎኔል ቤንጃሚን ዴቪስን አሟሟትም በሚገባ ተርኮልናል። ዴቪስ በሚሲሲፒ ያደገ የደቡብ ሰው ሆኖ ሳለ ከፌዴራሉ ወገን መቆየትን የመረጠ፣ በሴፕቴምበር 1862 ሃርፐርስ ፌሪ በተከበበች ጊዜ ፈረሰኞቹን በሌሊት ይዘው ካመለጡት መኮንኖች አንዱ የነበረ ነው። የፍሉርኖይ ግልቢያ ከተጋጨ በኋላ ዴቪስ ከመንገዱ መካከል ቆሞ ሰዎቹን ሲያሰባስብ፣ የ6ኛው ሬጅመንት መቶ አለቃ ኦወን አለን ብቻውን ተጠጋው። ዴቪስ ጎራዴውን ሲሰነዝርበት አለን ከፈረሱ ጎን ተለጥፎ ስለቱን አሳለፈና፣ ወዲያው በሽጉጥ ተኩሶ ጭንቅላቱን መታው። ሌላ አስጎብኚ ቢሆን ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመው ነበር። የእኛው ግን ወደ ኋላችን ዞረን ሜዳውን እንድንመለከት አደረገን። ለወንዙ ከሁሉ ቀርቦ ሰፍሮ የነበረው የስቱዋርት የመድፍ ክፍል ነበር፤ ያ ግልቢያና የዴቪስ ሞት ያስገኙት ጥቂት ደቂቃዎች መድፈኞቹ ፈረሶቻቸውን ጠምደው ወደ ሴንት ጄምስ ቤተ ክርስቲያን አቅጣጫ እንዲያመልጡ አስቻሏቸው። የአንድ ሬጅመንት ሥራ በአንድ ትልቅ ውጊያ ውስጥ ምን እንደሚመዝን በዚህ ያህል ግልጽነት ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር የተዘጋጀው ስለ ፈረስና ስለ ኮርቻ የሚሰጠው ገለጻ ነበር፤ ለእኔ ከቀኑ ሁሉ የማልረሳው ይህ ነው። ጌታውን በፈረሱ ስም፣ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያለ ሲጠራ ከኖረ ሕዝብ ለወጣ ሰው ይህ ርእስ ባዕድ አይሆንበትም። የደቡቡ ፈረሰኛ የሚጋልበው የራሱን ፈረስ ነበር። መንግሥት ለፈረሱ አገልግሎት በቀን 40 ሳንቲም ይከፍለዋል፤ ፈረሱ በውጊያ ላይ ከተገደለ በምዝገባ ጊዜ የተገመተው ዋጋ ይተካለታል፤ ነገር ግን በድካም ቢሞት፣ ቢሰነክል ወይም በጠላት ቢማረክ ኪሳራው የባለቤቱ ነው። ፈረስ ያጣ ወታደር ሌላ ፈልጎ እንዲመጣ ፈቃድ ተሰጥቶት ወደ አገሩ ይላካል፤ እስኪያገኝ ድረስም ወታደሮቹ ራሳቸው «ኩባንያ ኪው» ብለው በሚጠሩት የፈረስ አልባዎች ስብስብ ውስጥ ይቆያል። የደቡቡ ገንዘብ እየረከሰ፣ ፈረስም እየተወደደ ሲሄድ ግን አዲስ ፈረስ መግዛት ለአብዛኛው ሰው የማይቻል ሆነ። ስለዚህ ሬጅመንቱ በመዝገብ ላይ ባለው የሰው ቁጥርና ለውጊያ በሚወጣው የፈረሰኛ ቁጥር መካከል የነበረው ልዩነት ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ የሄደው ሰው ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን ፈረስ ስለጠፋም ጭምር ነው።

አስጎብኚው በእንጨት ማስቀመጫ ላይ የጫነው በጥንቱ ሞዴል የተሠራ የጀኒፈር ኮርቻ ነበር፤ በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ የደቡቡ ፈረሰኞች በብዛት የተጠቀሙበት ይህን ነው። እጄን ከኮርቻው ሥር አስገብቼ የሚያርፍበትን ቦታ እንድዳስስ ፈቀደልኝ። ፈረሱ ሥጋ ሲኖረው ኮርቻው በደህና ይቀመጣል፤ ፈረሱ ሲከሳ ግን ጠርዙ ወርዶ የጀርባውን አጥንት ይነካል፤ ከዚያም ገጣባ ይሆናል፤ ገጣባ የሆነ ፈረስም ለሳምንታት አይጫንም። ጦሩ በኋላ ይህን ኮርቻ እየተወ ጠላቱ የሚጠቀምበትን የማክሌላን ኮርቻ የመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ ከኪሱ አንድ የዛገ የፈረስ ጫማ አውጥቶ በየተራ አስያዘን። የብረት እጥረቱ ከመበርታቱ የተነሣ ወታደሮች የሞተ ፈረስ ሲያገኙ ጫማውን ለመንቀል ጊዜ ከሌላቸው ሰኮናውን ቆርጠው በኮርቻቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ ሰፈር ይወስዱት እንደነበረ ሲነግረን ከመካከላችን የሚናገር ሰው ጠፋ።

የሴንት ጄምስ ቤተ ክርስቲያን ማረፊያ ባይኖርም ብዙ የሚጎድል ነገር አልነበረም፤ ሕንፃው ከዚያ ዘመን አልተረፈም፣ ገለጻውም ጠዋት የሰማነውን የሚደግም ነበር። የፍሊትውድ ኮረብታ ግን ሌላ ነው። የጄኔራል ዴቪድ ግሬግ የፌዴራል ክፍል በኬሊ ፎርድ ተሻግሮ ከስቱዋርት ጀርባ በመጣ ጊዜ በኮረብታው ላይ የነበረው አንድ መድፍ ብቻ ነበር። የጄኔራል ዊልያም ጆንስ ብርጌድ ከቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ እየጋለበ መጥቶ፣ 12ኛው ሬጅመንትና 35ኛው ባታሊዮን ቀድመው፣ 6ኛው ተከትሎ፣ ኮረብታውን ከጠላት ጋር እየተነጣጠቁ ያዙ። በዚያ ቀን በሁለቱም ወገን ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው ተሰልፏል፤ በሰሜን አሜሪካ ምድር ከተደረጉት በዋነኛነት የፈረሰኛ ከሆኑ ውጊያዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ኮረብታውን ዛሬ ባዶ ሆኖ ማየት የተቻለው ጥበቃ አድራጊዎች በ2013 መሬቱን ስለገዙትና በላዩ የነበሩትን ቤቶች ስላስነሡ ሲሆን፣ በ2024 አካባቢው የካልፔፐር የጦር ሜዳዎች ግዛታዊ ፓርክ አካል ሆኗል። በ1990ዎቹ የመኪና ውድድር ሜዳ ሊሠራበት ታቅዶ የነበረውን መሬት እንዲህ ቆሞ ማየት በእውነት ያስደስታል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልመለስ። በኮረብታው ላይ ሳለን፣ እነዚህ ሰዎች ለምን ተዋጉ የሚል ጥያቄ ከአንዲት ተሳታፊ ተነሣ። አስጎብኚው «ቤታቸውን ለመጠበቅ» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፈው። ለአንድ ተራ የቨርጂኒያ ወታደር ይህ ከፊል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሬጅመንቱን ያሰለፈው መንግሥት ግን ዓላማውን አልደበቀም፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱ አሌክሳንደር ስቲቨንስ በማርች 1861 ባደረገው ንግግር የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ የጥቁሮች ባርነት መሆኑን በግልጽ ተናግሯል። በ1860 ቆጠራ ከካልፔፐር ካውንቲ ነዋሪ ከግማሽ በላይ የሆነው በባርነት የተያዘ ሰው ነበር። ያ ከማለዳ ጀምሮ በፍቅር ሲነገርለት የዋለው ፈረስ ያደገው፣ የተቀለበውና የተገራው በብዙ ቤት በእነዚሁ ሰዎች እጅ ነው፤ ከጌቶቻቸው ጋር ወደ ሰፈር የዘመቱም ነበሩ፤ ምግብ ያበስላሉ፣ ፈረስ ያጥባሉ፣ መኖ ይፈልጋሉ። ኮንፌዴሬሽኑ ጥቁሮችን በወታደርነት ለመመዝገብ የፈቀደው ጦርነቱ ሊያልቅ በተቃረበበት በማርች 1865 በመሆኑ፣ እነዚህ ሰዎች በወታደርነት መዝገብ ላይ የሉም። አስጎብኚው ስለ ጫማ ብረት ሃያ ደቂቃ ሲሰጥ ስለ እነርሱ ሁለት ደቂቃ እንኳ አለመስጠቱ አሳዝኖኛል፤ ፈረሱን በዚህ ያህል ጥልቀት የሚያውቅ ሰው ጠባቂውን ሊዘነጋ አይገባውም።

ይህንኑ በምሳ ሰዓት በአክብሮት ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ይልቁንም ከቦርሳው የአንድ የሬጅመንቱን ወታደር የአገልግሎት ካርድ ቅጂ አውጥቶ አሳየኝ። እነዚህን ካርዶች የጦር ሚኒስቴር ከጦርነቱ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ከተማረኩ የሬጅመንት መዝገቦች እየገለበጠ ያዘጋጃቸው ሲሆን፣ ዛሬ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። ወታደሩ በየሁለት ወሩ ተገኝቷል ወይስ ቀርቷል፣ ፈረስ ለማምጣት ተልኳል ወይ፣ የፈረሱ ዋጋስ ስንት ተገመተ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ጠባብ ካርድ ላይ በእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። የፈረሱ ዋጋ ከተጻፈበት መስመር ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ «ፈረሱ ዋጋ አለው፤ ያጠበው ሰው ስም የለውም፤ ልክ ነሽ» አለኝ። ከሰዓት በኋላ በነበረው ገለጻ ጉዳዩን ራሱ አንሥቶ ለሁሉም ተናገረ። የሚቀጥሉት ቡድኖች ግን ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ እንዲያገኙት እፈልጋለሁ።

ከሰዓት በኋላው ክፍል የተጣደፈ ነበር። ሬጅመንቱ ጁላይ 3 ቀን 1863 በፔንስልቬኒያ ፌርፊልድ አጠገብ 6ኛውን የአሜሪካ መደበኛ ፈረሰኛ ሬጅመንት ሰብሮ በርካታ ምርኮኞች የያዘበት ውጊያ፣ የ1864ቱ ዘመቻዎች፣ በመጨረሻም በኤፕሪል 1865 አብዛኛው የደቡቡ ፈረሰኛ ጦር አፖማቶክስ ላይ እጁን ከመስጠት ይልቅ ወደ ሊንችበርግ ሰብሮ መውጣቱ፣ እነዚህ ሁሉ በግማሽ ሰዓት ተጠቃለሉ። ፌርፊልድ የብራንዲ ስቴሽንን ያህል ጊዜ የሚገባው ነበር፤ በዚያም ላይ ጠባብ መንገድና አጥር አሉ፤ የጠዋቱን ገመድ ዳግመኛ ማውጣት ይቻል ነበር። የወታደሮች ስምና ሥዕል በከሰልና በእርሳስ በግድግዳው ላይ በቀረበት ግራፊቲ ሃውስ የተሰጠን ጊዜም አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ በ1993 ከቀለሙ ሥር የተገኙትን እነዚያን ፊርማዎች በደንብ ለማንበብ አንድ ሰዓትም አይበቃም።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ሣሩ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ስለሆነ ውኃ የማያስገባ ጫማ አድርጉ፤ ከመኪናው ፊተኛ ወንበር ያዙ፤ ስትመዘገቡም የኬሊ ፎርድ ማረፊያ እንዲጨመር ጠይቁ። በሜይ 1864 የፌዴራሉ ጥቁር ወታደሮች ክፍል ወደ ደቡብ የተሻገረው በዚያ መልካ ነው። እኛ ስንደርስ መሽቶ ስለነበር ከመኪናው ሳንወርድ ውኃውን በመስኮት ብቻ አይተን ተመለስን።