«በረዶ» ስንት ነው? በደብረ ብርሃን ስለሚሸጠው የእንግሊዝኛ ተመሳሳይ ቃላት ጥራዝ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ በደብረ ብርሃን የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ቤቶች መደርደሪያ ላይ አንድ ስስ ጥራዝ ይበዛል። አዘጋጅም አሳታሚም አልተጻፈበትም። ገጹ ሦስት ዓምድ ነው፤ በሁለቱ የሚምታቱ የእንግሊዝኛ ቃላት፣ በሦስተኛው የአማርኛ ፍች። ይገዛ ወይስ ይቅር ለሚል ሰው መልሱ በየክፍሉ ይለያያል።

የተሻለው የግሥ ክፍሉ ነው። «ቦሮው»ን ከ«ሌንድ» የለየበት ዘዴ ብልህ ነው። አማርኛው «ተዋሰ» ወይም «ተበደረ» ከሆነ ቦሮው፣ «አዋሰ» ወይም «አበደረ» ከሆነ ሌንድ፤ «ተ»ን እና «አ»ን ተከተሉ ይላል። «ኬን ዩ ቦሮው ሚ ዩር ፔን» የሚለውን የተለመደ ስህተት ይህች ብቻ ትገታዋለች። ያልነገረው ነገር ግን አለ። እኛ ማጭዱ ራሱ ሲመለስ ውሰት፣ ገብሱ በምትኩ ሲመለስ ብድር እንላለን። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ አይለይም፤ ማጭዱም ገብሱም ቦሮው ነው። ተማሪው ለ«ብድር» ሌላ ቃል ፍለጋ መድከም የለበትም።

«ሴይ» እና «ቴል» ላይ ሲደርስ ጥራዙ «ሁለቱም መናገር» ብሎ ያልፋል። ይህ ማለፍ አይደለም፣ መሸሽ ነው። «ሂ ሴድ ሚ» የሚለው ስህተት የሚመጣው ከራሳችን ግሥ ነው፤ «አለኝ» ስንል ሰሚው በግሡ ጫፍ ተለጥፏል። በእንግሊዝኛ ግን ከ«ቴል» ቀጥሎ ሰሚው ወዲያው ይመጣል፣ «ሂ ቶልድ ሚ»። ከ«ሴይ» በኋላ ሰሚውን መጥራት ከተፈለገ «ቱ» መግባት አለበት፣ «ሂ ሴድ ቱ ሚ»። «አስረዳኝ»ም እንዲሁ ነው፤ «ኤክስፕሌይን ሚ» አይባልም፣ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» እንጂ። ሰሚ ሳይጠሩ በ«ቴል» የሚነገሩትን ጥቂት ነገሮች በቃል መያዝ ያዋጣል፦ እውነት፣ ውሸት፣ ተረት።

ይቺው «ኝ» በ«ሮብ» እና «ስቲል» ላይ የባሰ ታሳስታለች። «ሰረቁኝ» ለማለት «ዘይ ስቶል ሚ» ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ እሱን ራሱን እንደ በግ ነድተውት ሄዱ ማለቱ ነው። ስቲል የሚከተለው የተወሰደውን ዕቃ ነው፤ ሮብ የሚከተለው የተዘረፈውን ሰው ወይም ቤት ነው። ስልኩ «ስቶልን»፣ ባለ ስልኩ «ሮብድ»። ጥራዙ ሁለቱንም «ሰረቀ» ብሏቸዋል።

የአየር ጠባይ ገጹ ደግሞ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የተዘጋጀ አይመስልም። «ስኖው፦ በረዶ»፣ «አይስ፦ በረዶ»፣ «ሄይል፦ በረዶ» ብሎ ሦስት መስመር ደርድሯል። ችግሩ የአማርኛው ቃል አንድ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ፍች ሳይሆን መግለጫ ያስፈልግ ነበር። በክረምት ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮውን የሚደበድበውና አዝመራውን የሚያስተኛው ሄይል ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ የረጋው ውኃ አይስ ነው። ስኖው እንደ ተባዘተ ጥጥ ለስልሶ የሚወርደው ነውና፣ በሐምሌ የወረደውን ጠጠር በረዶ ስኖው ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። «ፍሮስት»ን «ብርድ» ማለቱ ግን ይቅርታ የለውም። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ሌሊት ሣሩን አንጥቶ ባቄላውን የሚያቃጥለው ውርጭ አይደለም ወይ? ቃሉ እጃችን ላይ ነበር። እዚያው ገጽ ላይ ሊገባ ይገባው የነበረ ሌላ ልዩነት፦ «አይ አም ኮልድ» በረደኝ ነው፤ «አይ ሃቭ ኧ ኮልድ» ጉንፋን ይዞኛል ነው። በአንዲት ግሥ ብርድና በሽታ ይለያያሉ።

የከብት ዝርዝሩም እንዲሁ የገበሬ ዓይን ጎድሎታል። «ቡል»ን በሬ ይለዋል፤ ቡል ኮርማ ነው። ተቀጥቅጦ ቀንበር የሚሸከመው «ኦክስ» ነው፣ ሲበዛም «ኦክሰን» እንጂ «ኦክስስ» አይሆንም። «ዉል»ን ሱፍ ብሎ መፍታቱ ከመዝገበ ቃላት አንጻር ልክ ነው፤ ነገር ግን ሱፍ ሲባል ለብዙ ልጅ ቶሎ የሚታየው ወይ ሙሉ ልብሱ ወይ በጾም የሚፈተፈተው ነው። ብርድ ልብስ በሚመረትበት ከተማ፣ ለመንዝ ባና በቀረበ አገር፣ «ለባና የሚፈተለው የበግ ጠጉር» ቢል ይበቃ ነበር። ከተፈተለ በኋላ ለሽመና ወይም ለሹራብ ሲሆን «ያርን»፣ ለመርፌ ሲሆን «ትሬድ» ይባላል፤ አማርኛው ሁለቱንም ክር ይላቸዋል።

በፊደል የሚለያዩት ጥንዶች በአብዛኛው ደህና ናቸው። «አድቫይስ» ስም ነው፣ «አድቫይዝ» ግሥ። ድምፁን በግዕዝ ፊደል ጽፎ ማሳየቱ ጥሩ ነው፤ ስ እና ዝ ጆሮ ላይ ይቀራሉ። «አፌክት» በአብዛኛው ግሥ፣ «ኢፌክት» በአብዛኛው ስም ነው የሚለውም ልክ ነው። ስሙ «አድቫይስ» በቁጥር እንደማይበዛ ግን አልተጻፈም፤ ብዙ ምክር ቢሰጥም መጨረሻው ላይ «ኤስ» አይጨመርም።

ስልክ ያለው ሰው ለተማሪ የተዘጋጀ ነጻ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ቢከፍት ምሳሌ ዓረፍተ ነገርና ስሙ የሚቆጠር መሆን አለመሆኑን ያገኛል፤ ይህ ጥራዝ ሁለቱም የሉትም። ስልክ ለሌለው ግን የግሥ ክፍሉ ብቻውን ዋጋውን ያወጣል። ከብቱንና አየሩን በእርሳስ እያረማችሁ ያዙት፤ በኅዳጉ ላይ ለያንዳንዱ ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያጽፍ ቦታ አለ።

ከመክፈላችሁ በፊት የፊደል ጥንዶቹን ገጽ ገልጣችሁ እዩ። የሚሸጠው የኮፒ ኮፒ ስለሆነ በአንዳንዱ ላይ «ኤ» እና «ኢ» ተመሳስለው ደብዝዘዋል፤ አፌክትና ኢፌክት አንድ ሆነው ከታተሙበት ሌላ ቅጂ ጠይቁ።