ሊል ላይ በአሮጌ ዕቃ ክፍል ማሳመር፦ ዘንድሮ ለምትሄዱ የጎንደር ልጆች

ዘንድሮ ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ የምትሄዱ ልጆች ስለ ልብስና ስለ ቤት ዕቃ እየጠየቃችሁኝ ነው። ለእያንዳንዳችሁ በቴሌግራም ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። የምማረው ሊል ነው፤ ሰሜን ፈረንሳይ፣ ቤልጂየም ድንበር ሥር። ክረምቱን ግን ቤተሰብ ጋ፣ ጎንደር ነኝ። የምገመግመው አንድ ሱቅ አይደለም፣ ፈረንሳዮች ያገለገለ ዕቃ የሚገዙበትን መንገድ በሙሉ ነው። ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ለምን እንደነፈግኩት እመጣበታለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።)

ክፍል ከነዕቃው ስትከራዩ ባለቤቱ ምን ምን ማሟላት እንዳለበት በ2015 የወጣ ድንጋጌ አንድ በአንድ ዘርዝሮታል። አልጋና ብርድ ልብስ፣ የመኝታ ክፍል መጋረጃ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሳህንና ድስት፣ ጠረጴዛና ወንበር፣ መብራት፣ የቤት ማጽጃ ሳይቀር። ስለዚህ ድስት ተሸክማችሁ አትሂዱ። ጋቢ ግን ያዙ፤ የእኔ አከራይ ብርድ ልብስ ብሎ ያስቀመጠው ነገር ለጥቅምት እንኳን አይሆንም ነበር። የትራስ ልብስም ከቤት አትውሰዱ። የእነሱ ትራስ ብዙ ጊዜ አራት ጎኑ እኩል ነው፣ 65 በ65 ሳንቲ ሜትር፣ የእኛው አይገጥምም።

ሕጉ ያስቀመጠው ዕቃ ሁሉ ተሟልቶም ክፍሉ የሆስፒታል ክፍል ነው የሚመስለው። ነጭ ግድግዳ፣ በቃ። እዚህ ላይ ነው ኤማዩስ የሚመጣው (አዎ፣ የሉቃስ ወንጌሉ ኤማሁስ)። በ1949 ፓሪስ አጠገብ የተጀመረ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው፣ ዛሬ ቅርንጫፉ ብዙ ነው። ሰው የማይፈልገውን ዕቃ በነጻ ይሰጣል፤ መጠጊያ ያጡ ሰዎች በማኅበሩ ውስጥ እየኖሩ ዕቃውን ይለያሉ፣ ይጠግናሉ፣ ይሸጣሉ። ሳህኑ፣ መጽሐፉ፣ ካፖርቱ፣ ቁም ሳጥኑ ሁሉም አለ። ዋጋው የተቆረጠ ስለሆነ "የመጨረሻው ስንት ነው?" የሚለውን ለቅዳሜ ገበያ ተዉት። ስትገቡ ደግሞ ቦንዡር በሉ። ቦንዡር ሳትሉ ዋጋ ከጠየቃችሁ ፊታቸው ይጠቁራል፣ የትም ሱቅ ቢሆን። ይኼ ለእኛ አይከብድም፤ ሰላም ሳንል ነገር መጀመር መቼ እናውቅና።

መጀመሪያ የገዛሁት በሁለት በኩል ጆሮ ያለው የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ የማላውቀው ሰው ስም ተጽፎበታል። ምዕራብ ፈረንሳይ የሚገኘው የብሪታኒ አካባቢ ልማድ ነው። ጠዋት ቡና በወተት በሱ ይሞላሉ፣ ከዚያ ቅቤ የተቀባ ዳቦ እየነከሩ ይበላሉ። በሲኒ ያደገ ሰው ሲያይ መደንገጡ አይቀርም። እማዬ ዐይታው "ቡና? በዚህ?" አለችና አሁን ሽሮ ታቀርብበታለች።

ጨርቅ የምትወዱ ደግሞ ቷል ደ ዡዊ የሚባለውን ፈልጉ። ነጭ ላይ በአንድ ቀለም፣ ብዙ ጊዜ በቀይ ወይም በሰማያዊ፣ እረኛው፣ በጉ፣ ዛፉ፣ የገጠር ሰው ጨዋታ የታተመበት ነው። ዝናው የመጣው ኦበርካምፍ የሚባል ሰው በ1760 ቬርሳይ አጠገብ፣ ዡዊ-አን-ዦዛ ላይ ካቋቋመው ፋብሪካ ነው። የዚያን ዘመን ሥራ ሙዚየም ነው የምታገኙት፤ የቅርብ ጊዜ ቅጂው ግን በመጋረጃም በአልጋ ልብስም ሞልቷል። ባለ ቀዩን መጋረጃ በ8 ዩሮ ገዝቼ አንዱን ፊት ጎንደር አምጥቼዋለሁ፣ ሳሎን ተሰቅሏል። አባቴ ለመጣው እንግዳ ሁሉ "ልጄ ፈረንሳይ ድረስ ሄዶ እረኛ ገዝቶልኝ መጣ" ይላል።

ልብስ ላይ ስንመጣ፣ ፈረንሳይ ማለት ፋሽን ነው ብላችሁ ሻንጣውን በአዲስ ጃኬት አትሙሉ። ሊል መንገድ ላይ የማየው ጥቁር፣ ግራጫና ጥቁር ሰማያዊ ነው። ሽክ ብሎ የሚያልፈው ሰው ብዙ ጊዜ የለበሰው አሮጌ ካፖርት ነው፤ ልኩ ግን የሱ ነው። ባለ መስመሯን ካናቴራ እውነትም ይለብሷታል፣ ለፊልም ብቻ አይደለም፤ በ1858 ለባሕር ኃይሉ በደንብ የተወሰነች ልብስ ናት። እኛ ጋ ሰልባጅ የገዛ ሰው ከየት እንደገዛ አይናገርም፣ እዚያ ግን የክፍል ጓደኞቼ ይፎክሩበታል። ካፖርት ስትመርጡ ውስጡ ያለውን ምልክት አንብቡ፣ "ሌን" ካለ ሱፍ ነው፣ ውሰዱት። አዲስ ካላማራችሁ በቀር መደብር መግባት አያስፈልግም፤ ካማራችሁም ሶልድ ጠብቁ፣ ጥር መግቢያ ላይና ሰኔ አጋማሽ ካለፈ በኋላ፣ በሕግ አራት አራት ሳምንት የሚቆይ ቅናሽ ነው።

ከሁሉም የገረመኝ ጥገናው ነው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ጫማ ወይም ልብስ ለተመዘገበ ጠጋኝ ስትሰጡ፣ እንደ ሥራው ዓይነት ከ6 እስከ 25 ዩሮ ከሂሳቡ ላይ እዚያው ይቀነስላችኋል። ገንዘቡ የሚመጣው አምራቾቹ ከሚያዋጡት ነው። ፒያሳ ላለው ጫማ ሰፊያችን ብነግረው "ጫማ የሸጠው ሰውዬ ለእኔ ሊከፍለኝ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ሊል የሚደርሰው ሰው ብራደሪውን እንዳያመልጠው። በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ፣ እንቁጣጣሽ ሊብት ጥቂት ቀን ሲቀረው ማለት ነው፣ ከተማው እንዳለ ገበያ ይሆናል። የአውሮፓ ትልቁ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይሉታል። መከራከር የሚቻለው እዚህ ነው፣ በተለይ እሑድ ወደ ማታ፣ ሻጩ ዕቃውን መልሶ መጫን ሲሰለቸው። ምግብ ቤቶቹ ደግሞ ሙል የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ ከድንች ጥብስ ጋር እየሸጡ ቅርፊቱን በር ላይ ይቆልላሉ፣ የማን ክምር እንደበለጠ ይፎካከራሉ። እኔ ድንቹን ብቻ በላሁ።

አሁን የቀነስኳት ነጥብ። ስሙን የማልጠራው አንድ ነጋዴ የሸጠልኝ ትንሽ ጠረጴዛ ትል የጨረሰው ሆኖ ተገኘ፤ ቀዳዳውን በሰም ደፍኖታል። እግሩ ሥር ነጭ ዱቄት መራገፍ ሲጀምር ወስጄ ባሳየው "አሮጌ ዕቃ እኮ ነው" ብሎ ፊቱን አዞረ። ስለዚህ እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጡት፣ መታ መታ አድርጉት፣ ዱቄት ከወረደ ጥላችሁ ሂዱ። አሮጌ የጠረጴዛ መብራትም ስትገዙ አፉን እዩ፤ የድሮዎቹ ብዙዎቹ የሚፈልጉት የሚጠመዘዘውን አምፖል ሳይሆን ሁለት ጥርስ ያለውን፣ ተጭኖ የሚዞረውን ነው። ማጓጓዣው ደግሞ የራሳችሁ ጣጣ ነው። በሊል ዝናብ ወንበር ተሸክሞ ሜትሮ መግባት ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም።

ከዚህ የሚሄድ ጌጥ ካላችሁኝ፣ ከቅዳሜ ገበያ አንድ ሁለት የስንደዶ ስፌት ያዙ። ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ግድግዳዬ ላይ ያዩት ሁሉ የት ገዛህ ይሉኛል። የኤማዩስ የመክፈቻ ቀን በየቦታው ስለሚለያይ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ኢንተርኔት ላይ እዩት። ሰኞና እሑድ ብዙ ሱቅ ዝግ ነው።