ደብረ ብርሃን ጠባሴ ላይ ላለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ልጅ ምስጋና

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። መሐል ሜዳ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የምሠራ ሴት ነኝ፤ ይህን ልጅ ሳላመሰግን ማደር አልሆነልኝም።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ ሲባል ሰምቼ፣ ዕቁቤን ጠብቄ ዊንዶውስ 11 ያለው አዲስ ኮምፒውተር ገዛሁ። የድሮ ፋይሎቼን በፍላሽ ገልብጬ ስከፍት የእድራችን ደንብ «አንቀጽ አንድ» በሚልበት ቦታ የእንግሊዝኛ ፊደልና ቅንፍ ተዘበራርቆ ቁጭ ብሏል። ውሉም፣ ማመልከቻውም፣ የሠርግ ጥሪውም እንደዚያው። የድሮውን የአማርኛ መጻፊያ ልጫን ብል እሱም እምቢ አለ። መጀመሪያ ያሳየሁት ሰው «ቫይረስ በልቶታል፣ እንደ አዲስ ተይቢው» አለኝ። ደንቡ ብቻ 23 ገጽ ነው!

አሮጌውን ሲፒዩ በባና ጠቅልዬ (የመንዝ ባና ለብርድ ብቻ መሰላችሁ?) ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ልጁ አንዱን ፋይል አየት አድርጎ «እትዬ፣ ፋይሉ ደህና ነው፤ የጎደለው ፎንቱ (የፊደሉን ቅርጽ የሚያሳየው ፋይል) ነው» አለኝ። ለካ የድሮዎቹ መጻፊያዎች የአማርኛውን ቅርጽ የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛው ፊደል ኮድ ላይ ነበር፤ ፎንቱ ሲጠፋ ከሥር ያለው እንግሊዝኛ ይወጣል። ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ፎንቱን ፈልጎ አዲሱ ላይ ጫነና ሰነዱን ዘግቶ ከፈተው። «አንቀጽ አንድ»! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

በዚያ አላበቃም። ስልክ ላይም እንዲነበብ ዋና ዋናዎቹን ወደ ዩኒኮድ (እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል የራሱ ኮድ ወዳለው አሠራር) ቀየረልኝ፤ ሲቀየር «ሏ» እና «ቷ» የተበላሹበትን አብረን ተቀምጠን አረምን። የድሮው መጻፊያ ግን መጫኛው ባለ 16 ቢት (የጥንቱ ዓይነት) ስለሆነ፣ ባለ 64 ቢት ብቻ የሆነው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያንን ስለማያስነሳ፣ «አይልፉ» አለኝ። በምትኩ የዊንዶውሱን የራሱን የአማርኛ ኪቦርድ አበራልኝ፤ ኒያላ ፎንትንም ሴቲንግ ውስጥ ከኦፕሽናል ፊቸርስ በነፃ አወረደልኝ። እጄ አዲሱን አቀማመጥ እስኪለምድ እየተሳደብኩ ነው፤ ይህ የእሱ ጥፋት አይደለም።

የወደድኩት ሌላው ነገር፣ አሮጌውንም ወደ 11 አሳድግልኝ ስለው ገንዘቤን አልተሻማም። ፕሮሰሰሩ 4ኛ ትውልድ ነው፣ የሚፈለገው ከ8ኛ ጀምሮ ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቺፕም የለውም ብሎ መለሰኝ። ለሙሉ ቀን ሥራ 600 ብር ተቀበለኝ፤ ሻይም የጋበዘኝ እሱ ነው።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄዋለሁ። ስትሄዱ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ፎንቱ ያለው እዚያ ነው።