ክሊከር፦ ዒላማ ፊት ለሚርበተበት ተኳሽ

ደጋን ስቦ ዒላማውን ሲያይ ልቡ የሚመታና ፍላጻውን ሳያስበው የሚለቅ ሰው ይህቺን ደጋኑ ላይ የምትገጠም ስስ የብረት ምላስ ይሞክራት። ፍላጻው ከሥሯ ያልፋል፤ ተስቦ ሲያልቅ ጫፉ ይወጣና «ቀጭ» ትላለች። የሚለቀቀው ያኔ ብቻ ነው። ውሳኔው ከዓይን ወደ ጆሮ ስለሚዞር መርበትበቱ ይቀንሳል።

ማስተካከሏ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ከፍላጻው ጫፍ ለመጨረሻዋ ስበት ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ከሥሯ ይቅር፤ ከበለጠ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ፣ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ሰውነቱን ያላፍታታ ሰው አሳሳቡ ያጥራል፤ እናም በቀትር የተስተካከለችው ጠዋት አልጮኽ ትላለች። ልምምዱ ዒላማ ሳይሰቀል፣ ከ3 ሜትር ርቀት፣ ጠብቆ በታሰረ ገለባ ላይ ይጀመር።

ለአደን አንመክራትም፤ ድኩላ ድምፅዋን ሰምቶ ይፈረጥጣል።