ከማንኪያ፣ ከናስና ከጨሌ የሠራኋቸው የአሣ ማባበያዎች፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ከዓለም ገና በቡታጅራ መንገድ ወርዶ መልካ ቁንጡሬ አካባቢ አዋሽ ውስጥ መንጠቆ ለሚጥል ሰው ጥሩ ማባበያ ገዝቶ ማግኘት ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገኘውም ቢሆን ዋጋው ለወንዝ ግንድና ድንጋይ የሚገበር አይደለም። ስለዚህ ከጥቅምት አንሥቶ እስከ ክረምቱ መግቢያ የተጠቀምኩት በእጄ በሠራኋቸው ሁለት ዓይነት ማባበያዎች ነው። አንደኛው እጀታው በሴጌቶ ተቆርጦ ሁለቱም ጫፎቹ የተበሱ የሻይ ማንኪያ ሲሆን፣ ሁለተኛው በማይዝግ ሽቦ ዙሪያ የሚሽከረከር የናስ ቅጠል ያለው ነው። እዚህ የምመዝነው የያዝኩትን አሣ ሳይሆን የትኛው ዕቃ እንደበረከተና የትኛው ቶሎ እንዳለቀ ነው።

ስለ ማንኪያው ብዙ የሚባል የለም፤ ከጭረት በቀር ምንም አልሆነም። ቀጭኑ ረጋ ባለ ውሃ ውስጥ በደንብ ይወዛወዛል፤ ወራጅ ውሃ ግን ወደ ላይ ስለሚያነሣው ወፈር ያለውን መምረጥ ይሻላል። የማይዝግ ብረት በፍጥነትና በስሱ ሲበሳ እዚያው ስለሚደነድን፣ መብሻውን በዝግታ እያዞሩ፣ ዘይት ጠብ እያደረጉና ጫን እያሉ መብሳት ያስፈልጋል።

ትምህርት የሚገኘው ከሁለተኛው ነው። አካሉን የሠራሁት መርካቶ ካለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ከምናለሽ ተራ፣ ከተገኙ ትንንሽ የናስ ዳዶዎች ሲሆን፣ በሽቦው ላይ ተደርድረው ክብደት ይሰጡታል። እርሳስ ይበልጥ ይከብዳል፤ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥም ለመቅረጽ ያመቻል። ነገር ግን ብናኙና ጭሱ መርዛማ ነው፤ ልጆች ባሉበት ግቢ ውስጥ የሚቀለጥ ነገር ስላልሆነ ትቼዋለሁ። ናሱ ሲጠቁር በሎሚና በአመድ ይፈተጋል፤ የጥፍር ቀለም የቀባኋቸው ግን ድንጋይ በነካቸው ቁጥር እየተላጡ ተበላሹ።

ዕድሜውን የሚወስነው ግን አካሉም ቀለሙም አይደለም። ቅጠሉን ከሽቦው ጋር የሚያገናኘው፣ የጥፍር ስባሪ የሚያህለው የታጠፈ የናስ ቁራጭ ነው። የአዋሽ ውሃ ደለል ይዞ ስለሚወርድ፣ ደቃቁ አሸዋ ሽቦው በሚያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ እየገባ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከስስ ናስ የቆረጥኩት ቁራጭ ቀዳዳው ክብነቱን አጥቶ እንደ ስንዴ ፍሬ ሞላላ ሆነ፤ ቅጠሉም ገመዱ ሲሳብ ወዲያው መሽከርከሩን ትቶ መጎተት ጀመረ። ወፈር ካለ ናስ ቆርጬ፣ የቀዳዳውን ጠርዝ በደንብ አለስልሼ የተካሁት እስካሁን እየሠራ ነው። ከሥሩ የሚገባው ዶቃም ቢሆን ፕላስቲኩ ተቦርቡሮ ሲያልቅ፣ ከመርካቶ የተገዛው የብርጭቆ ጨሌ ልስላሴውን አላጣም፤ ዓለት ላይ ሲጋጭ አልፎ አልፎ መሰንጠቁ ብቻ ነው ነውሩ።

የቅጠሉን ቅርጽ በተመለከተ ክቡን እመርጣለሁ። ጠባቡ ቅጠል ወደ ሽቦው ተጠግቶ በፍጥነት ይዞራል፤ ክቡ ግን ከሽቦው ርቆ በዝግታ ስለሚሽከረከር ውሃውን ይበልጥ ያንቀጠቅጠዋል። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ከዓይኑ ይልቅ በሽታ፣ በሪዙና በንዝረት ለሚያድነው፣ አምባዛ ለተባለው አሣ የሚበጀው ይኸው ነው።

ገንዘብ የሚገባው ለመንጠቆውና ለቀለበቱ ነው። ከቁልፍ መያዣ የተፈታ ቀለበት ብዙውን ጊዜ ኒኬል የተለበጠ ተራ ብረት ስለሆነ፣ ልባጡ ሲላጥ ዝገቱ ወደ መንጠቆውም ይዛመታል። ማግኔት ናስ የተቀባ ብረትን ከእውነተኛው ናስ ይለያል፤ በሽቦ ላይ ግን አይታመንም፤ የማይዝግ ብረት ተስቦ ሽቦ ሲሆን በጥቂቱም ቢሆን ማግኔት ሊይዘው ይችላልና። እኔ ዕቃውን በብርጭቆ የጨው ውሃ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት ቡናማ ነጥብ ያወጣውን እጥለዋለሁ። መንጠቆውን ደግሞ በጥፍሬ ላይ እስበዋለሁ፤ ካንሸራተተ መሞረድ አለበት። ከቀጭን ሽቦ የተሠራው ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ በትልቅ አምባዛ ስለሚቃና፣ በአንድ ወፍራም መንጠቆ ተክቼዋለሁ፤ ሥር ላይ መያዙም ቀንሷል።

ሽቦውን የሚያጥፍ ሰው ክብ አፍ ያለው ፒንሳ ይጠቀም፤ የተራው ፒንሳ ጠርዝ የሚተወው ጭረት በኋላ የሚሰበርበት ቦታ ይሆናል። ቆሮሶ ለተባለው አሣ ብሎ ይህን ሁሉ መድከም ግን አያስፈልግም፤ ምግቡ በአብዛኛው አልጌና የውሃ ተክል ስለሆነ የሚሽከረከር ናስ እምብዛም አያሳድድም።