ለጅማ ዝናብ የምትሆን ሽጉጥ፦ ማካሮቭን ለምን እንደመረጥኩ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደውሎ «አጎቴ፣ የትኛው ሽጉጥ ነው የሚሻለው?» አለኝ። የጥበቃ ሥራ አግኝቷል። መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያላቸው ሁለት ሦስት ዓይነት ሽጉጦች አሉት፣ ከነሱ አንዱን ምረጥ ብለውታል። በስልክ ልነግረው ጀመርኩና ካርዱ አለቀ። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው፤ እሱም ያነበዋል፣ ሌላውም ይጠቀምበታል።

ስለኔ ትንሽ ልበል። ዘጠኝ ዓመት ወታደር ነበርኩ። ከሠራዊቱ ከወጣሁ በኋላ ጅማ ገብቼ የቡና መጋዘን ጥበቃ ላይ ነው ያለሁት። ማካሮቭ፣ ቶካሬቭ፣ ስታርና ብራውኒንግ በየተራ ታጥቄያለሁ። ግሎክ ደግሞ ሥልጠና ላይ ሁለት ካዝና (የጥይት መያዣ) ሙሉ ተኩሻለሁ። የቡና ወቅት ሲደርስ ከጭነት መኪና ጋር አጋሮና ሊሙ እመላለሳለሁ፤ ያኔ ሽጉጥ ከወገቤ የሚወርደው ስተኛ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

መልሴን መጀመሪያ ልናገር። ለኔ ማካሮቭ ናት። ይሄን ስል ብዙ ሰው ፊቱ ይለወጣል፣ «ያቺን አሮጌ?» ይላል። አዎ፣ ያቺን። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1951 ለሠራዊታቸው የተቀበሏት፣ እኛም አገር ብዙ መኮንን ወገቡ ላይ ያደረጋት። ስምንት ጎራሽ ናት። ባዶዋን 730 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ርዝመቷ 16 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከእስክሪብቶ ብዙም አትበልጥም።

ሰው ሽጉጥ ሲያይ ቶሎ የሚጠይቀው «ስንት ጎራሽ ነው?» ብሎ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው የያዡን እጅ ነው። ካዝናውን አውጣ፣ የላይኛውን ብረት ወደኋላ ስበህ ውስጡን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ፣ ባዶ መሆኑን ካወቅህ በኋላ ጨብጠው። የሌባ ጣትህ የመጀመሪያው አንጓ ሳትንጠራራ ምላጩ (ለመተኮስ የሚሳበው) ላይ ይደርሳል? ከዚያ ሰው በሌለበት በኩል ግድግዳ ላይ አንድ ምልክት ያዝ፣ ዓይንህን ጨፍን፣ እጅህን አንሳ፣ ዓይንህን ክፈት። ማነጣጠሪያው ከምልክቱ ብዙ ካልራቀ ሽጉጡ ከእጅህ ጋር ተስማምቷል። ደጋግመህ ሞክረህ ሁልጊዜ የምታስተካክለው ከሆነ ግን ስሙ የፈለገውን ያህል ቢገን ያንተ አይደለም።

ብራውኒንግ ሃይ ፓወርን የተውኩት በዚህ ነው። የቤልጂየም ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣ፣ 13 ጎራሽ። ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ጥይቶቹ ካዝናው ውስጥ በሁለት ረድፍ ስለሚደረደሩ ነው ያን ያህል የሚይዘው፤ ሁለት ረድፍ ሲሆን ግን እጀታው ይወፍራል። የኔ እጅ ደግሞ ትንሽ ነው። ምላጩ ላይ የሚደርሰው የጣቴ ጫፍ ብቻ ነው፣ ልድረስ ስል ሽጉጡ እጄ ውስጥ ይዞራል። ሌላም አለ። ስትተኩስ ከኋላ ያለችው መዶሻ ስትመለስ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያለውን ሥጋ ትቆነጥጣለች። አንድ ቀን ሥልጠና ላይ ሃያ ጥይት ተኩሼ እጄን ሳይ ቀይ መስመር ወጥቶበታል፣ ማታ እራት ስበላ የወጡ በርበሬ እዚያ ቦታ ላይ ሲገባ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እጁ ትልቅ ለሆነ ሰው ግን ግሩም ሽጉጥ ነው፣ ክብደት ስላለው ሲተኮስ እጅ ውስጥ ረጋ ይላል። ይሄን መካድ አይገባም።

አሁን ወደ ዝናቡ ልምጣ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው።

ጅማ የምትኖር ሰው ታውቀዋለህ። እዚህ ሰኔና ሐምሌ ብቻ አይደለም የሚዘንበው፤ መጋቢትም ይዘንባል፣ መስከረም ጥቅምትም ይዘንባል። ቦዬ በኩል ጠዋት ጉም ሲወርድ ዝናብ ሳይነካህ ልብስህ ይረጥባል። ግድግዳ ላይ የሰቀልከው ኮት ሻጋታ የሚያወጣበት ከተማ ውስጥ ብረት ምን እንደሚሆን አስበው።

አንድ ሐምሌ ላይ ስታር ታጥቄ ነበር። ከአጋሮ አለፍ ብሎ ካለ ገጠር ስንመለስ መኪናው ጭቃ ውስጥ ገባ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝናብ ላይ ስንገፋ ቆየን። ቤት ስደርስ ደክሞኝ ነበር። ሽጉጡን ከነማህደሩ፣ ከነቆዳ መያዣው ማለት ነው፣ ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ሳወጣው የቆዳው ማህደር ውስጡ ገና እርጥብ ነው። የሽጉጡ ጎን ላይ የቡና ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ቡናማ ነገር አየሁ። ስነካው ጣቴ ላይ ቀረ። ዝገት! ላዩን በጨርቅና በዘይት አስለቀቅኩት። የእጀታውን ልባስ ፈትቼ ሳነሳው ግን ከሥሩ ላብና ዝናብ የተጠራቀመበት ቦታ ተበልቶ ትንንሽ ጉድጓድ አውጥቷል። ያ ደግሞ አይለቅም፣ እስከ መጨረሻው ከብረቱ ጋር ይኖራል። ቆዳ ውኃ ይይዛል፣ የተለፋበት ኬሚካልም ብረት ይበላል። ከዚያ ወዲህ ማህደር ለመንገድ ነው፣ ሽጉጥ ማህደር ውስጥ አያድርም።

ማካሮቭም ብረት ናት፣ እሷም ትዝጋለች። ልዩነቱ ለመወልወል ያላት ምቾት ነው። ካዝናውን ታወጣለህ፣ ባዶ መሆኗን ታያለህ፣ የምላጩን ከለላ ወደታች ትስባለህ፣ የላይኛውን ብረት ወደኋላ ስበህ ከፍ ታደርገዋለህ። አለቀ። ምንም መፍቻ አያስፈልግም። ስፕሪንጉ በርሜሉ ላይ የተጠመጠመ አንድ ብቻ ነው። እጀታዋም አንድ ወጥ ልባስ ነው፣ አንዲት ቡሎን ፈትተህ ሥሩን ታደርቀዋለህ። ባለቤቴ ቡና ስትቆላ እኔ ጓዳ ገብቼ እፈታታለሁ፣ አቦል ሳይቀዳ ወልውዬ ገጥሜ ቆልፌ ወጥቻለሁ። ቀላል ስለሆነ ነው በየቀኑ የማደርገው። ፈቶ ለመግጠም ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ቢሆን ኖሮ በደከመኝ ቀን እንደዚያ ሐምሌ እተወው ነበር።

ደግሞ በርሜሏ ከአካሏ ጋር የተያያዘ ነው፣ እንደ ብራውኒንግና እንደ ስታር ሲተኮስ አይወዛወዝም። ለዚህም ነው ትንሽ ሆና ሳለ ቀጥ ብላ የምትመታው።

እውነቱን ለመናገር በዝናብ ጉዳይ አንደኛው ግሎክ ነው። እጀታው ፕላስቲክ ነው፣ ብረቱም ዝገት የሚቋቋም ነገር ተደርጎበታል። የኦስትሪያ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1982 የተቀበለው ግሎክ 17 ደግሞ 17 ጥይት ይጎርሳል፣ ባዶው ደግሞ ከማካሮቭ ይቀላል። ታዲያ ለምን አልመረጥኩትም? ሴፍቲው ምላጩ ላይ ነው። በአውራ ጣት የምትቆልፈው ነገር የለውም። ምላጩን የሚነካው ጣትህ ብቻ እስከሆነ ድረስ ችግር የለም። እኛ ጋ ግን ማህደሩ ለስላሳ ቆዳ ነው፣ ሲያረጅ አፉ ይታጠፋል፣ ከላዩ ጃኬት አለ፣ ከጃኬቱ ላይ የዝናብ ልብስ አለ። ሽጉጡን ስትመልስ የታጠፈ ቆዳ ወይም የጃኬት ገመድ ምላጩ ውስጥ ቢገባ የገዛ እግርህን ትመታለህ። ጠንካራ፣ ለሱ ተብሎ የተሠራ ማህደር ያለው ሰው ይያዘው፣ ምርጥ ሽጉጥ ነው። ያለዚያ ግን አልመክርም።

የማካሮቭ ሴፍቲ ጎኗ ላይ ነው። ወደ ላይ ስትገፋው ይቆለፋል፣ መዶሻዋ ተነስታ ከነበረም በደህና ትወርዳለች። ወደታች ስታደርገው ለመተኮስ ዝግጁ ናት። ብራውኒንግና እኔ የያዝኩት ስታርም ላይ ወደ ላይ ማለት ዝግ ማለት ነው። ቤሬታ 92FS ላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ ወደታች ሲሆን ነው የሚዘጋው። ይሄን ሁልጊዜ የምናገረው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀያየር ጥበቃ ስላለ ነው፤ እጅህ የለመደውን ነው የሚያደርገው፣ አንተ ሌላ ብታስብም። ቶካሬቭ ደግሞ ጨርሶ ሴፍቲ የለውም፣ መዶሻውን ግማሽ ላይ ማቆም ብቻ ነው ያለው። ጠንካራ ሽጉጥ ነው፣ ጥይቱም ኃይለኛ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ መኪና ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው አልሰጠውም።

ጥይት ላይ ተጠንቀቅ። እዚህ ሰው «የዘጠኝ ነው» ብሎ ያልፋል። የማካሮቭ 9 በ18 ነው (ውፍረቱና የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር)፣ የብራውኒንግና የግሎክ 17 ደግሞ 9 በ19። ልዩነቷ አንድ ሚሊ ሜትር ትመስላለች፣ ግን የማካሮቭ እርሳሱም (ተተኩሶ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ) ወፈር ይላል፣ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ስታር የባሰ ግራ ያጋባል። ስታር የስፔን ፋብሪካ ስም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘግቷል፤ አንዳንዱ ሞዴል 9 በ19 ይጎርሳል፣ አንዳንዱ 9 በ23፣ አንዳንዱ ሌላ። መልኩ ደግሞ የአሜሪካኑን ሽጉጥ ኮልትን ስለሚመስል ብዙ ሰው «ኮልት» ነው የሚለው። ስለዚህ ከሰው አፍ አትስማ፣ ብረቱ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ፋብሪካው ስለተዘጋም ለተሰበረ ነገር መለዋወጫ ብትፈልግ በቀላሉ አታገኝም።

የማካሮቭን ጉድለት አልደብቅም። የመጀመሪያውን ጥይት ስትተኩስ ምላጩ ከባድ ነው፣ ካልተለማመድክ አፈሙዙን ወደታች ይጎትትብሃል። ከሁለተኛው ጀምሮ ይቀላል። ማነጣጠሪያዋ ትንሽ ናት፣ እንደኔ ዓይኑ መድከም የጀመረ ሰው ሲመሽ አያያትም። ካዝናው የሚወጣው እጀታው ሥር ባለች መያዣ ነው፣ ሌላ እጅ ያስፈልጋል፣ ለመቀየር ከብራውኒንግ ቀርፋፋ ናት። ስምንት ጥይትም ጥቂት ነው የሚል አለ። እኔ ስምንቱ በደንብ ይጎረሱ እንጂ ቁጥሩ አያስጨንቀኝም። በፊት እሠራበት የነበረ አንድ ድርጅት ማካሮቭ ከድሮ ጥይት ጋር ሰጥቶኝ ነበር፣ ጥይቶቹ አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል፣ የካዝናው ስፕሪንግ ላልቷል። ሥልጠና ላይ ከስምንቱ ሁለቱ ከሸፉ፣ አንዱ ሳይጎርስ ተቀረቀረ። ያንን ይዤ ነው ወራት ሙሉ ዘብ የቆምኩት! አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። የተሰጠህን ካዝና ፈትተህ ስፕሪንጉን እይ፣ ጥይቱን አንድ በአንድ በብርሃን እይ፣ ካላማረህ «ይቀየርልኝ» በል፣ አትፈር።

በኮንትሮባንድ ስለሚገቡት ሽጉጦች ብዙ አልልም። አንዳንዶቹ ከመጀመሪያው ለድምፅ ብቻ የተሠሩና በኋላ የተነካኩ ናቸው፣ ብረታቸው ደካማ ነው፣ ያዡ እጅ ላይ ይፈነዳሉ። ፈቃድም የላቸውም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ያለ ፈቃድ መያዝ እስር ነው። «ርካሽ አለ» ብሎ የሚቀርብህን ሰው ሸሽ።

ቤት ውስጥ የብረት ሳጥን ከግድግዳ ጋር አስሬአለሁ። ሽጉጡ እዚያ ነው፣ ጥይቱ ሌላ ቁልፍ ያለው ቦታ ነው፣ ቁልፎቹ እኔ ጋ ናቸው። ትንሿ ልጄ ያ ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለች፣ ደብቄ አላሳደግኳትም፣ ግን ተከፍቶ አይታው አታውቅም።

የእህቴ ልጅ እንግዲህ እጁ ከኔ ይበልጣል። መሥሪያ ቤቱ ያለው ብራውኒንግና ማካሮቭ ከሆነ ሁለቱንም ጨብጦ ይሞክር፣ ብራውኒንጉ እጁን ካልቆነጠጠው ይውሰደው፣ አልከፋም። በየቀኑ እወለውላለሁ ብሎ ግን ቃል ይግባልኝ። ማህደሩን እኔ አሠራለታለሁ። መርካቶ አንድ ቆዳ ሰፊ አለ፣ የኔን እሱ ነው የሠራው፤ ወፍራም ቆዳ ይመርጣል፣ አፉ ላይ ድርብ ያደርግበታል፣ ምላጩን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፣ ከታች ደግሞ ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ይተውለታል። አራት ክረምት አልፎበት አፉ እስካሁን አልታጠፈም።