ሁለት ጊዜ የቀባሁት የጋራዥ ወለል

ጋራዥ ስል መኪና የሚጠገንበትን ሳይሆን ከቤታችን ጋር የተያያዘውን የመኪና ማደሪያ ማለቴ ነው። ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህ ክፍል የመኪና ብቻ አይደለም። ክርስትና ሲሆን ድንኳናችን እሱ ነው፤ ልቅሶ ሲሆን ወንበር የሚደረደረው እዚያ ነው፤ የዶሮው ድስት በጋዝ ምድጃ የሚጣደውም እዚያው ነው። ወለሉ ከተላላጠ እንግዳ ሁሉ ያየዋል። የእኔ ወለል ለሁለት ዓመት ተላልጦ ታይቷል፤ ዛሬ ግን ጫማዬን አውልቄ የምቆምበት ሆኗል። በሁለቱ መካከል የሆነውን ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የገዛሁት በውኃ የሚቀጥን፣ ሁሉም ነገር በአንድ ካርቶን የታሸገበት ኢፖክሲ፣ ማለትም ሙጫና ማጠንከሪያ ተቀላቅለው የሚጠነክሩበት የወለል ቀለም ነበር። ሻጩ “ታጥበዋለህ፣ ይደርቃል፣ ትቀባዋለህ” አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ማመን አልነበረብኝም። አባቴ ደሴ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነበር፤ ግድግዳውን ሳይፈገፍግና ስቱኮ ሳይመታ ፔኔሎ አንሥቶ አያውቅም። በካርቶኑ ውስጥ የነበረውን የአሲድ ዱቄት በውኃ በጥብጬ ወለሉ ላይ አፈሰስኩ፤ አንድ ጊዜ አለቀለቅሁና ቀባሁ። ለጥቂት ወራት ግራጫው ወለል ዓይን ይማርክ ነበር። ኅዳር ላይ ግን ከረጅም መንገድ በሞቀ ጎማ ገብቼ አደርኩ፤ ጠዋት መኪናዬን ሳወጣ ቀለሙ ከአራቱም ጎማዎች ሥር እንደ ቆዳ ተገፍፎ ተነሣ።

ጥፋቱ የቀለሙ ብቻ አልነበረም። ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤቶች ኮንክሪቱን በመከላከያ ፈሳሽ ደፍነውታል፤ አሲድ ደግሞ ይህን አያነሣውም። ወለሉ ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ ባደርግ ኖሮ አውቀው ነበር። ንጹሕ ኮንክሪት ውኃውን ይመጥጠዋል፤ የተደፈነ ግን በኮባ ቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ ያንከባልለዋል። ይህ ሙከራ ምንም ወጪ የለውም፤ ሳያደርጉት የቀለሙን ቆርቆሮ መክፈት ያስቆጫል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ ላይ እንደገና ተነሣሁ። ባለሙያ ዋጋ ብጠይቅ 2,800 ዶላር አለኝ፤ 40 ካሬ ሜትር ለማይሞላ ቦታ ከአቅሜ በላይ ነበር። በመጀመሪያ 45 ሳንቲሜትር በ45 ሳንቲሜትር የሚሆን ፕላስቲክ ወለሉ ላይ ዙሪያውን በቴፕ አጣብቄ አሳደርኩ። ጠዋት ስገልጠው ከሥሩ ጤዛ የለም፣ ኮንክሪቱም አልጠቆረም። እርጥበት ቢወጣ ኖሮ ሐሳቡን እተወው ነበር፤ ከታች የሚገፋ እርጥበት የትኛውንም ኢፖክሲ ያነሣዋልና። ከዚያ ከዕቃ አከራይ የአልማዝ ጥርስ ያለው የኮንክሪት መፈግፈጊያ ማሽን ከነአቧራ መምጠጫው ተከራየሁ። አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ፤ ክንዴ ለሳምንት ታመመ። አቧራው ሲሊካ የሚባል ደቃቅ የድንጋይ ብናኝ ስላለበት ሳንባን ይጎዳል፤ ተራ የጨርቅ ጭንብል አይበቃም፣ ፊት ላይ የሚገጥም ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያስፈልጋል። ወለሉ በመጨረሻ እንደ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ሲሻክር ውኃ ጠብ አደረግሁ፤ ወዲያው ጠጣው። ስንጥቆቹን በኢፖክሲ ስቱኮ ሞላሁ።

በዚህኛው ዙር የመረጥኩት ውኃም ሆነ ሌላ የሚተን ነገር የሌለበትን ድፍን ኢፖክሲ ነው። የመጀመሪያው ሲደርቅ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ ይህ የፈሰሰውን ያህል ውፍረት ይዞ ይቀራል። ሆኖም ትዕግሥት የለውም። ሙጫውና ማጠንከሪያው ከተቀላቀሉ በኋላ ባልዲ ውስጥ ከቆየ ራሱን በራሱ ያሞቃል፣ ይጨሳል፣ ይጠነክራል። ስለዚህ ቀዝቀዝ ሲል፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርን። በመሰርሰሪያ ላይ በተገጠመ ማማሰያ ለሦስት ደቂቃ በዝግታ አማስዬ ወዲያው ወለሉ ላይ በመስመር ዘረገፍኩት፤ ጥርስ ባለው የጎማ መጥረጊያ አስተካከልኩት፣ በሩሎ አለፍኩበት። ሶሉ ባለ ሹል ጥርስ የሆነ ጫማ ስለምናጠልቅ እርጥቡ ላይ መራመድ ይቻላል።

እርጥቡ ኢፖክሲ ላይ ለጌጥ የሚነሰነሰውን ባለቀለም ፍንጥርጣሪ የበተነው ጓደኛዬ ነው። ጎጃም ውስጥ በልጅነቱ ጤፍ ዘርቷል። እኔ ወደ ታች ስወረውር አንዱ ቦታ ክምር፣ ሌላው ባዶ ይሆንብኝ ነበር፤ እሱ ግን እፍኙን ከትከሻው በላይ አንሥቶ ወደ ላይ ይበትነዋል፣ እንደ ካፊያ እኩል ይወርዳል። እጁ አሁንም አልረሳም። ከእሱ በኋላ የእኔን ክፍል እንደገና አስበተንኩት።

በማግሥቱ የላላውን ፍንጥርጣሪ ፍቄ ጠረግሁና ፖሊአስፓርቲክ የተባለውን ጥርት ያለ መሸፈኛ ደረብኩበት። ይህን አትዝለሉ፤ ኢፖክሲ ብቻውን የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ በተለይ በሩ ሥር። መኪና ያስገባሁት ከሰባት ቀን በኋላ ነው። ከማሽኑ ኪራይ ጋር ወጪዬ 940 ዶላር ሆነ።

ቅሬታዬ አንድ ነው፤ የማያንሸራትት ዱቄት ከዕቃው ጋር አይመጣም፣ ለብቻው ይገዛል። በረዶ ከጎማው ሲቀልጥ ወለሉ እንደ ሳሙና ይሆናል፤ እናቴ ዕድሜያቸው 74 ስለሆነ በዚህ አልደራደርም ነበር። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ገዝቼ ከመጨረሻው ሽፋን ጋር ቀላቀልኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልተንሸራተተም። በብርዱ ወራት ሁሉ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚረጨው ማግኒዚየም ክሎራይድ የተባለ ጨው ከጎማ እየቀለጠ ሲወርድም አንድ ጊዜ በመወልወያ ይነሣል፤ ድሮ ኮንክሪቱን ይበላው ነበር።

የልጄ ምርቃት ዕለት እናቴ በሩን በሰፊው አስከፍተው ቡና አፈሉበት። ከማንደጃው አንድ ፍም ወደቀ፤ ቶሎ ቢነሣም የሃምሳ ሳንቲም ገንዘብ የሚያህል ቡናማ ጠባሳ ትቷል። እናቴ በጣም አዘኑ፤ እኔ ግን ቀለሙን የቀባሁት እሳቸው ቁጭ ብለው ቡና እንዲያፈሉበት ነው። አሁን ማንደጃው ሥር አንድ የሴራሚክ ሰሌዳ ይነጠፋል፤ እናንተም ከመጀመሪያው ቡና በፊት አንጥፉ።